ጠፍሩ ቢላላ አልጋው አይጣልም

ከዚህ በታች የቀረበው በአቃቂ ቃሊቲ ለአብያተ ክርስቲያናት የሴቶች አገልግሎት ተጠሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ነው።



ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስንወያይ ሁላችንም ያለ ሐፍረት እንናገራለን። ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ግን በጉባኤ መካከል ሲነሣ ብዙዎቻችን አንገታችንን እንደፋለን። ጉዳዩ ሴቶች ሽንታቸውን መቆጣጠር ሲያቅታቸው የሚደርስባቸው ችግርና ይህን ችግር ለማቃለል የሚረዳ አንድ ቀላል የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው መድኃኒት አይጠይቅም፤ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ገንዘብም አያስወጣም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይኸውም በትክክል መማር፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይሰለቹ መሥራት፣ ከሁሉ አስቀድሞም ችግሩን የሚነግሩት አንድ የታመነ ሰው ማግኘት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የጤና ባለሙያዋና ታማሚዋ ተጋግዘው ሊያሟሉ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን ያለ እናንተ አይገኝም።

ዝም የተባለለት ችግር

ከአሮጌው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንሥቶ እስከ ቃሊቲ፣ እስከ ቱሉ ዲምቱና እስከ ገላን ድረስ ያለው አካባቢያችን የሠራተኛ ሰፈር መሆኑ የታወቀ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል እናት አለች። በሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ የምትሸከም አለች። ውሃ በጠፋ ሰሞን የሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛ ደረጃ የምትወጣ አለች። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥም አለች። ከእነዚህ መካከል ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ ወይም ሸክም ስታነሣ ሽንት የሚያመልጣት ጥቂት አይደለችም።

እንዲህ ያለችው እናት ችግሯን በአፏ አትናገርም። ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ለሚያያት ሰው አኳኋኗ ይናገራል። ታክሲ ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ በእግሯ መሄድን ትመርጣለች። ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች። በጠራራ ፀሐይ ልብስ ደርባ ትለብሳለች። ለቅሶ ቤት ትደርሳለች እንጂ ጎረቤት እንደሚያደርገው አትቀመጥም። በአምልኮ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ትሆናለች፤ ጉባኤው ሲያሸበሽብ እርሷ ባለችበት ትቆያለች። ውሎ አድሮም መምጣቷን ትተዋለች። ሰውም «እገሊት ቀዝቅዛለች» ይላል። እርሷ ግን የራቀችው ልብሷ እንዳይረጥብና ሽታው ለጎረቤት እንዳይደርስ ፈርታ ነው። በቤቷም ውስጥ ከባሏ ጋር ያላት ኑሮ ይደፈርሳል፤ ምክንያቱን ስለማትነግረው እርሱም የጠላችው ይመስለዋል።

ምክንያቱ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ ብዙውን ጊዜ ከሦስት መልሶች አንዱን ትሰጣለች። አንደኛው «ብርድ መትቶኝ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የወለደ ሰው ዕጣ ነው» የሚለው ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ «የኃጢአቴ ቅጣት ነው» የሚለው ነው። ሦስቱም መልሶች መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሐኪም ቤት እንዳትሄድ ያደርጓታል። ስለሆነም ሦስቱንም በቅደም ተከተል መመለስ ይገባናል።

ብርድን በተመለከተ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መምጣት ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምልክት ነው። ይህም በጤና ጣቢያ ተመርምሮ በመድኃኒት የሚድን ነው። የወለደ ሰው ዕጣ ነው ለሚለው፣ መውለድ ለችግሩ አንድ ምክንያት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ታወቀ ማለት መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። እግሩ የተሰበረ ሰው መውደቁ ስለታወቀ ብቻ እንደተሰበረ አይተውም። ቅጣት ነው ለሚለው ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። የላላ ጡንቻ የላላ ጡንቻ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውና ከሰው ተሰውራ ከኋላ የመጣችው ሴት ታሪክ በጉባኤዎቻችን ደጋግሞ ይሰበካል። ያች ሴት አልተወቀሰችም፤ ዛሬ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠውም እናት ልትወቀስ አይገባም።

ሰውነታችን ከታች እንዴት እንደተደገፈ

በዳሌያችን ግርጌ፣ ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት አንሥቶ በስተኋላ እስካለው የጅራት አጥንት ድረስ የተወጠሩ ጡንቻዎች አሉ። ባለሙያዎች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይሏቸዋል። የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የሰገራ መውጫ አንጀትን ከታች ሆነው ደግፈው የሚይዙት እነርሱ ናቸው። የሽንት፣ የማህፀንና የሰገራ መውጫዎችም በእነዚህ ጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ። ጡንቻዎቹ ሲኮማተሩ መውጫዎቹ ይጠብቃሉ፤ ሲላሉ ይከፈታሉ።

የጠፍር አልጋ ምን እንደሚመስል እናቶቻችን ያውቃሉ። በአልጋው እንጨት መካከል ከቆዳ የተበጀ ጠፍር ግራና ቀኝ ተጠላልፎ ይወጠራል፤ የተኛበትን ሰው ክብደት የሚሸከመውም እርሱ ነው። ዓመታት ሲያልፉ፣ ክብደትም ሲበዛበት ጠፍሩ ይላላል፤ አልጋው መካከሉ ላይ ይሰረጉዳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ አልጋውን አውጥቶ አይጥለውም፤ ጠፍሩን እንደገና ይወጥራል። የዳሌ ወለል ጡንቻም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ጠፍርን በእጅ ስበን የምንወጥረው ሲሆን ጡንቻን የምናጠብቀው ግን ራሱን በማሠራት መሆኑ ነው።

ጡንቻውን የሚያላሉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። እርግዝናና በማህፀን መውለድ፣ በተለይም የረዘመ ምጥ፣ ዋነኞቹ ናቸው። ከባድ ሸክም ዘወትር ማንሣት፣ የማይለቅ ሳል፣ ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣው የሰውነት ለውጥም ይጨመሩበታል። በጭስ በታፈነ ማድ ቤት ስትሠራ እየሳለች የኖረች፣ ልጆችም የወለደች፣ ሸክምም የተሸከመች እናት ጠፍሯ ቢላላ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሁሉም ዓይነት አንድ አይደለም

እዚህ ላይ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በጥሞና እንዲከታተሉን እንለምናለን። ሽንት የሚያመልጣት ሴት ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም የለባትም። በመሆኑም ከማስተማር በፊት መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዓይነት በጫና ጊዜ የሚያመልጠው ነው። ስትስል፣ ስትዘል፣ ጀሪካን ስታነሣ ጥቂት ጠብ ይላል፤ በሌላው ጊዜ ደረቅ ናት። የዳሌ ወለል እንቅስቃሴ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ሁለተኛው ድንገተኛ ግፊት ነው። ሽንቷ በድንገት ይመጣባትና መጸዳጃ ቤት ሳትደርስ ያመልጣታል። ለዚህም እንቅስቃሴው ይረዳል፤ ፊኛን ቀስ በቀስ ጊዜ ማስለመድ ግን አብሮ ይሰጣል። ሦስተኛው የሁለቱ ድብልቅ ነው።

አራተኛው ግን ከእነዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሌሊትና ቀን፣ ተኝታም ሆነ ቆማ፣ ሳታቋርጥ የሚፈስሳት ሴት አለች። ይህ ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ የጀመረ ከሆነ ፊስቱላ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ምጡ ሲራዘምና ሕፃኑ ሳይወጣ ሲቀር ጭንቅላቱ የእናቲቱን ገላ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል። ደም ያጣው ገላ ይሞታል፤ በፊኛና በማህፀን መውጫ መካከልም ቀዳዳ ይፈጠራል። ይህን ቀዳዳ ማንኛውም የሰውነት እንቅስቃሴ አይዘጋውም። የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት «ሦስት ወር ሞክሪ» ብሎ ማቆየት መከራዋን ማራዘም ነው። ገና የተፈጠረና ትንሽ የሆነ ቀዳዳ የሽንት ቱቦ ገብቶለት ለተወሰኑ ሳምንታት በመቆየት ብቻ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ፈጥኖ መላክ ትልቅ ጥቅም አለው።

በዚህ ረገድ አገራችን ለዓለም ምሳሌ የሚሆን ታሪክ አላት። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያም ከገጠር እየተጓዙ የሚመጡ፣ ከሰው የተገለሉ የፊስቱላ ታማሚዎችን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ሕክምናው ለታማሚዎቹ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 ዐረፉ፤ ሥራው ግን በአዲስ አበባና በክልሎች ባሉ ሆስፒታሎች ቀጥሏል። ራሷ ታካሚ ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼ ቀዶ ሕክምናውን ከሐምሊኖች ተምራ ብዙ ሴቶችን ለማከም መብቃቷም የታወቀ ነው።

ከዚህ ሆስፒታል ሥራ ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆን አንድ ትምህርት እናገኛለን። ቀዳዳው በተሳካ ሁኔታ ከተዘጋም በኋላ አንዳንድ ሴቶች በሳልና በሸክም ጊዜ ሽንት ያመልጣቸዋል። ምክንያቱም ሽንትን የሚቆልፉት ጡንቻዎችና ነርቮች በዚያው ምጥ ተጎድተዋል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎን የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ይሰጣል፤ በአልጋ ላይ ብዙ ከመቆየት የተኮማተሩ እግሮች እንዲዘረጉ፣ የደከሙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም እንዲጠነክሩ ይደረጋል። እንግዲህ ከቀዶ ሕክምና ተመልሳ ወደ ጉባኤያችን የመጣች እኅት አሁንም ጥቂት የሚያመልጣት ቢሆን «ሕክምናው አልሠራም» ማለት አይገባም። ወደ ሐኪሟ ተመልሳ እንድትታይና እንቅስቃሴውንም እንድትቀጥል ማበረታታት ይገባል።

እንቅስቃሴው እንዴት ይሠራል?

አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ስለዚህ እንቅስቃሴ ያዘጋጀውን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1948 አውጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሥራው በብዙ አገሮች ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮክሬን በተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በኩል የወጣ ግምገማ በ14 አገሮች በ1,817 ሴቶች ላይ የተደረጉ 31 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። በጫና ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው መካከል እንቅስቃሴውን ከሠሩት ከመቶ 56ቱ ድነናል ሲሉ፣ ካልሠሩት ግን እንዲህ ያሉት ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሁሉም ሴት ትድናለች ማለት ግን አይደለም፤ እንዲህ ብለንም ቃል አንገባም።

አሁን አሠራሩን እንመልከት። አንደኛ፣ ጡንቻውን ማግኘት ያስፈልጋል። እናቲቱ ጉልበቶቿን አጥፋ በጀርባዋ ትተኛለች። በሰው መካከል ሳለች ንፋስ እንዳያመልጣት እንደምትከለክል የኋላ መውጫዋን ታጠብቃለች፤ በዚያው ቅጽበት ሽንት እንደምትይዝ የፊቱንም ታጠብቃለች። በትክክል ከሠራችው ጡንቻው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሲሳብ ይሰማታል። ወደ ታች የሚገፋ ስሜት ከተሰማት ግን እያማጠች ነውና ማቆም አለባት። ማማጥ ጡንቻውን ያላላዋል እንጂ አያጠብቀውም።

ሁለተኛ፣ ሌላው ሰውነቷ ማረፍ አለበት። መቀመጫዋን፣ ጭኖቿንና ሆዷን ማጠንከር የለባትም። ትንፋሿንም አትያዝ። ለዚህ ጥሩው ዘዴ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ነው፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም።

ሦስተኛ፣ አጥብቃ መያዝ የምትችለውን ያህል ትይዛለች። መጀመሪያ ሦስት እስኪቆጠር ብቻ መያዝ ብትችል ይበቃል። ከዚያ ትለቅቅና የያዘችውን ያህል ጊዜ ታርፋለች። ማረፉ እንደ መያዙ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ እየጨመረች እስከ አሥር ሰኮንድ ታደርሰዋለች። ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ትደጋግማለች። ቀጥላም ፈጣን የሆኑ፣ ያዝ ለቀቅ የሚሉ አሥር እንቅስቃሴዎችን ታደርጋለች።

አራተኛ፣ ይህን ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ ትሠራለች። በመጀመሪያ ተኝታ፣ ስትበረታ ተቀምጣ፣ በመጨረሻም ቆማ ታደርገዋለች። እንዳትረሳው ከዕለት ሥራዋ ጋር ማያያዝ ይጠቅማታል። እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱን ከከደነች በኋላ እስኪበስል በምትጠብቅበት ጊዜ ልትሠራው ትችላለች። የታክሲ ተራ የምትጠብቅም፣ ሕፃን የምታጠባም እንዲሁ። ማንም አያይባትም።

አምስተኛ፣ የተማረችውን በችግሩ ሰዓት ትጠቀምበት። ሳል ሊመጣ ሲል፣ ሊያስነጥሳት ሲል፣ ጀሪካኑን ልታነሣ ስታጎነብስ አስቀድማ ጡንቻውን ታጠብቅ። በሩን ጎርፉ ሳይመጣ መዝጋት ማለት ይህ ነው። ድንገተኛ ግፊት የሚያስቸግራት ደግሞ ስትጨነቅ አትሩጥ። ባለችበት ትቁም ወይም ትቀመጥ፤ ጡንቻውን ጥቂት ጊዜ ታጥብቅ፤ ግፊቱ ሲያልፍላት በቀስታ ትሂድ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሽንት እየሸኑ መካከሉ ላይ ማቋረጥ ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር ነው እንጂ የዘወትር ልምምድ መሆን የለበትም፤ ፊኛው በሚገባ እንዳይፈስ ሊያደርግ ይችላል።

ለምን ወረቀት ማደል ብቻ አይበቃም

ከባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ቀላል ከሆነ በወረቀት አትመን ለምን አናድለውም?» ይሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት መልሱን ይሰጠናል። 47 ሴቶች በቃል ብቻ አጭር መመሪያ ተሰጥቷቸው እንቅስቃሴውን እንዲሠሩ ተደረገ። በሚገባ የሠሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሩብ ያህሉ ደግሞ ችግሩን ሊያባብስ በሚችል መንገድ ሠሩት። ኬግል ራሱም ከጅምሩ ጡንቻው በትክክል መሥራቱን ለሴቲቱ የሚያሳይ የግፊት መለኪያ መሣሪያ ይጠቀም ነበር።

ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያ አንዲት የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለብቻዋ ልታያትና ትክክል መሆኑን ልታረጋግጥላት ይገባል። በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ቁጥር ገና አነስተኛ ቢሆንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ያሠለጥናል። እስኪበዙልን ድረስ አዋላጅ ነርሶችና የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ትምህርቱን እንዲያገኙ ማድረግ የሚቻል ሥራ ነው።

ለውጡ በአንድ ሳምንት አይታይም። ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቢያንስ ሦስት ወር መሠራት አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው። ሴቶች ትተውት የሚቀሩት በአብዛኛው ለውጥ ሳያዩ በሚያልፉት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በዚያን ጊዜ «በርቺ» የምትል ጓደኛ ያላት ትቀጥላለች። ከተሻላትም በኋላ ፈጽማ አትተወው፤ ያልሠራ ጡንቻ ተመልሶ ይላላልና።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

ሽንት እንዳያመልጥ ብሎ ውሃ አለመጠጣት አይረዳም። ሽንት ሲወፍር ፊኛን ያስቆጣል፤ ሆድንም ያደርቃል። ሆድ ሲደርቅ ማማጥ ይመጣል፤ ማማጥም ጡንቻውን ያላላል። ስለዚህ በቂ ውሃ መጠጣት፣ አትክልትና ጥራጥሬ መመገብ ይገባል። ድንገተኛ ግፊት የሚያስቸግራት እናት ግን ቡናዋን ብትቀንስ ሊጠቅማት ይችላል። ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥ ለወዳጅነት ነውና ከጨዋታው መቅረት የለባትም፤ ስኒውን ብቻ ትቀንስ። ያልለቀቀ ሳል ካለባት ትመርመር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በራሱም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ስለ እርጉዞችና ስለ አራሶችም እንናገር። በእርግዝና ጊዜ አስቀድሞ የተጀመረ እንቅስቃሴ በእርግዝናው መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ሽንት ማምለጥን ለመከላከል እንደሚረዳ ጥናቶች አሳይተዋል። አራስን ማሳረፍ ጥሩ ልማዳችን ነው፤ ሸክም እንዳታነሣ መከልከልም ጡንቻዋን ይጠብቅላታል። ይህን ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ ግን የሽንት ቱቦ ከሌላት፣ ሕመሙም ከተቻላት፣ አዋላጇን ጠይቃ በአራስ አልጋዋ ላይ ሆና ልትጀምር ትችላለች።

ባሎችም የሚሠሩት አለ። ጀሪካኑን ማንሣት ለወንድ ነውር አይደለም። ሚስቱ ለሦስት ወር በምትለማመድበት ጊዜ ውሃውን የሚያመጣ ባል ከሕክምናው አንዱን ክፍል ፈጸመ ማለት ነው።

ሐኪም ቤት መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሳያቋርጥ የሚፈስሳት፣ ሰገራም የሚያመልጣት፣ በሽንቷ ደም የምታይ፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ያላት፣ መሽናት ያቃታት፣ ከማህፀኗ መውጫ የሚወጣ ነገር የሚሰማት፣ ወይም በድንገት እግሯ የደከመና የደነዘዘ ሴት እንቅስቃሴውን ከመጀመር በፊት መመርመር አለባት። በሦስት ወር ትክክለኛ ልምምድ ምንም ያልተሻላትም ተመልሳ ትታይ፤ ሌላ ሕክምና አለና። በመጀመሪያ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በክፍለ ከተማችን ወዳለው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ትላካለች። ፊስቱላ ከተጠረጠረ ወደ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እንድትላክ መጠየቅ ይገባል።

ከእናንተ የምንጠይቀው

የተወደዳችሁ ሆይ፣ በዚህ ሥራ ከየጉባኤያችሁ የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። 

በመጀመሪያ፣ የምትታመን፣ ምሥጢር የምትጠብቅ አንዲት እናት ምረጡ። ሴቶች ወደ ማን እንደሚሄዱ ይወቁ። የነገሯትን ነገር የጸሎት ርእስ አድርጋ በስም ወደ ጉባኤ የምታወጣ ከሆነች ግን ሁለተኛ ማንም አይነግራትም።

ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ስጡ። ስምንት ወይም አሥር ሴቶች በዚያ ተሰብስበው ከባለሙያዋ ጋር ይለማመዱ። ስብሰባውን «የእናቶች ጤና» በሉት፤ የሚመጡትን ሁሉ ሰው በሕመማቸው እንዳያውቃቸው ሌላም የጤና ትምህርት ይሰጥበት።

ሦስተኛ፣ የመጸዳጃ ቤታችሁን ነገር ተመልከቱ። ብዙ ምእመናን በሚሰበሰቡበት ግቢ በር የሌለው ወይም ውሃ የሌለው መጸዳጃ ቤት ካለ፣ ለዚያች እናት «አትምጪ» ማለት ነው። በሩን የሚዘጋ መቀርቀሪያና አንድ ባልዲ ውሃ እርሷን ወደ ጉባኤ ሊመልሳት ይችላል።

አራተኛ፣ ለሽማግሌዎችና ለሰባኪዎች የምንለው አለን። ለታመሙት መጸለይ ይገባል፤ እኛም እንጸልያለን። ነገር ግን ጸሎት የተደረገላት እናት ነገም ልብሷ ቢረጥብ እምነቷ እንደጎደለ አታስመስሉባት። ወደ ጤና ጣቢያ መሄዷም ከእምነት ማነስ እንዳይቆጠርባት ከመድረክ ሆናችሁ አንድ ጊዜ ብትናገሩላት፣ እኛ አሥር ጊዜ ከምንናገረው ይልቅ ይሰማል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ቤት ለቤት ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ለብቻዋ ስታገኟት ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ስታስዪ ወይም ሸክም ስታነሺ ሽንት ያስቸግርሻል ወይ?» በሏት። በዕድሜ ለገፉትም «እናቴ፣ ስታስሉ ያስቸግርዎታል ወይ?» እያላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሳትጠየቅ ዓመታት ዝም ያለች ሴት በተጠየቀች ጊዜ ልትናገር ትችላለች። «አዎ» ካለች ደግሞ ቀጥላችሁ «ሲያመልጥሽ ጥቂት ነው ወይስ ሌሊትና ቀን ይፈስሳል?» ብላችሁ ለዩ። በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ መልስ ወደ ልምምዱ ክፍል ወይም ወደ ቀዶ ሐኪም ትላካለች።

በሚመጣው ሳምንት የየጉባኤያችሁን ተጠሪ እናት ስም እንድታስታውቁን እንለምናችኋለን። ስሙ እንደደረሰን ከአዋላጅ ነርሶች ጋር ሆነን የሥልጠናውን ቀን እንወስናለን። እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።